ሊፈርስ በተባለ ግቢ ውስጥ ምድጃ ሠራን

እኛ ቤት ለማንኛውም ጥያቄ አንድ መልስ አለ፤ «ሊፈርስ ነው»።

ጣሪያው ያፈሳል፣ ይጠገን? «ሊፈርስ ነው፣ ምን ያደርጋል!» አጥሩ ወደ ጎረቤት ጋደል ብሏል፣ ይቃና? «ሊፈርስ ነው!» እማዬ ከጓሮ ጌሾ ልትከል ብትል፣ ታናሻችን የሳሎኑን ግድግዳ ቀለም ልቀባው ቢል፣ መልሱ ያው ነው። አባባ ይህን ሲሉ ተቆጥተው ወይም አዝነው እንዳይመስላችሁ። «ዛሬ ብርድ ነው» እንደሚል ሰው ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት።

እናላችሁ፣ እኛ ሦስቱ ልጆቻቸው በ2017 ዓ.ም. በዚሁ ሊፈርስ በተባለ ግቢ ውስጥ የጡብ ምድጃ ሠራን። ባርቤኪው የሚሉት ዓይነት፣ ቁመቱ ወገብ የሚደርስ፣ ሥጋ በከሰል የሚጠበስበት። ለምን እንደሠራነው ሰው ሲጠይቀን «ለፋሲካ ነው» እንላለን። እውነተኛው መልስ ግን ትንሽ ይረዝማል። ዛሬ እሱን እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ግንበኞቹን ተዋወቁ። ታላቃችን ሒሳብ አያያዝ ተምራ የሰው ብር ትቆጥራለች። መካከለኛዋ በጋዜጠኝነት ተመርቃ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ትጽፋለች። ታናሻችን በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ሥራ ይፈልጋል። ሦስት ዲግሪ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ያውም በሚያፈስ ጣሪያ!

ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው፤ ጉለሌ፣ ከቀጨኔ ብዙም ሳይርቅ። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ማብራሪያ አይሻም። ለሌላው ግን ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ከተወረሱት ቤቶች ውስጥ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠውን ቀበሌ እንዲያስተዳድር ተሰጠው። አያታችን ከእነዚህ በአንዱ ገቡ፤ አባባ በልጅነታቸው አብረው ገቡ፤ እኛ ደግሞ እዚያው ተወለድን። ለሁለት ትውልድ ተኩል የኖርንበት ቤት የእኛ ነው፣ ግን የእኛ አይደለም። ኪራዩን እንከፍላለን፤ «ተነሡ» ስንባል ደግሞ እንነሣለን። ያለ ፈቃድ አንዲት ክፍል መጨመር አይቻልም።

የመነሣቱ ወሬ ከሩቅ ሲሰማ ነው ያደግነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመርና ፒያሳ አካባቢ በእግራችን ያደግንባቸው ሰፈሮች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲነሡ ግን ወሬው በራችን ድረስ የመጣ መሰለን። ከዚያ ወዲህ እቤታችን አንድም ነገር አልተጀመረም። የተሰበረ መስታወት በካርቶን ተሸፈነ። ያረጀ ሶፋ ላይ ነጠላ ጣል ተደረገበት። «አዲሱ ቤት ስንገባ» የሚል ዓረፍተ ነገር የማይጨርስ ሰው ጠፋ። አዲሱ ቤት የት እንደሆነ ግን ማንም አልነገረንም። አባባ በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው እስካሁን ይቆጥባሉ፤ ዕጣው ገና ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከሜሪላንድ ነው። እዚያ ያለው የአክስታችን ልጅ በእነሱ በጋ፣ በሐምሌ፣ ከቤቱ ጓሮ ቆሞ ሥጋ ሲጠብስ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከልን። እኛ ዝናቡ ከጣሪያው ወደ ባልዲ ጠብ ጠብ ሲል እየሰማን በብርድ ልብስ ተጠቅልለን አየነው። ቪዲዮው አለቀ፤ ሐሳቡ ግን ከኛ ጋር ከረመ። ጥር ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐዩ ሲሞቅ፣ ታናሻችን «እኛስ ብንሠራ?» አለ።

አባባ ከሬዲዮናቸው ቀና እንኳን ሳይሉ፣ «ሊፈርስ ነው» አሉ።

ታላቃችን መቼም በቤታችን ደፋሯ እሷ ናት። «ይፍረስ፤ እስኪፈርስ እንብላበታ!» አለች። ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። አባባም አልመለሱላትም። እኛ ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው።

ጡቡን የገዛነው ከፈረሰ ቤት ነው። የድሮ ቀይ ሸክላ ጡብ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 12 ወርድ፣ 6 ውፍረት። ሻጩ ሁለት ክምር ነበረው። «ከዚያኛው አትውሰዱ» አለን ወደ አንደኛው እያመለከተ። «በሲሚንቶ የተገነባ ነው። ሲሚንቶውን ላነሣ ብትሉ ጡቡ ቀድሞ ይሰበራል። ይሄ ግን በኖራ ነው፤ ቀስ ብላችሁ በመዶሻ ስትነኩት ኖራው እንደ ቅርፊት ይነሣል፤ ጡቡ ደህና ይወጣል።» 150 ጡብ ገዛን። አንዱ ከ3 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሁሉም አንድ ላይ ግማሽ ቶን ገደማ ነው። ፒክአፑ ላይ ስንጭን ታላቃችን ብሩን፣ እኛ ወገባችንን ቆጠርን።

አንድ ነገር ግን ልብ አላልንም። ሰውየው መልሱን በእጃችን ሰጥቶን ነበር።

ታናሻችን ንድፍ አወጣ። በሦስት ጎን ግድግዳ፣ ፊቱ ክፍት። ጀርባው አራት ጡብ፣ ሁለቱ ጎኖች ሁለት ሁለት ጡብ፤ ስለዚህ አንድ ረድፍ 8 ጡብ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ማያያዣ ሲጨመር አንድ ረድፍ 7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 13 ረድፍ ማለት 91 ሳንቲ ሜትር፣ 104 ጡብ ማለት ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፈርን፤ ጠጠር ሞልተን ደልድለን ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍንበት። ከዚያ ታናሻችን አምስት ዓመት የተማረውንና ያመነበትን ነገር አመጣ፤ ሲሚንቶ።

አምስት ረድፍ ደረስን። አማረ! ፎቶ አነሣን፣ ለሜሪላንድ ላክን፣ ምርቃትም ተቀበልን። በሦስተኛው ቀን «እስቲ እንሞክረው» ብለን ትንሽ እሳት አነደድን። ጥቂት እንደቆየ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ ሌላ። ከውስጥ በኩል ማያያዣው ተሰነጣጥቆ አንዱ ቁራጭ ተፈናጥሮ እግራችን ሥር ወደቀ።

ታናሻችን ፊቱ ቀላ። ማታ የድሮ ደብተሩን ሲያገላብጥ አምሽቶ ጠዋት የጥፋቱን ምክንያት ነገረን። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃን ከራሱ ጋር አስሮ ነው። ኃይለኛ እሳት ሲያገኘው ያ የታሰረ ውሃ ይወጣል፤ ሲሚንቶው ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃል። የእኛ ደግሞ ገና ሦስት ቀኑ ስለነበር በወጉ እንኳን አልደረቀም። «ትምህርት ቤት ነግረውኛል እኮ» አለ። «ፈተና ላይ መጥቶልኛል። አግኝቼዋለሁ!»

ይህን ሁሉ እማዬ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች ስታይ ነበር። «ጨረሳችሁ?» አለች። «ጡብ እሳት ያውቃል፤ ከእሳት ነው የወጣው። ሲሚንቶ የውሃ ልጅ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

እውነት ነው፣ አልጠየቅናትም። እማዬ የእንጀራ ምድጃዋን ሁለት ጊዜ በገዛ እጇ አፍርሳ ሠርታለች። በየቀኑ እሳት ፊት የምትቆመው እሷ ናት። ሦስት ዲግሪ ይዘን ሦስታችንም ከእሷ ሌላ ሰው ሁሉ ጠየቅን፤ ዩቲዩብን ሳይቀር። ይህን ስንጽፍ እንኳን ትንሽ ያፍረናል።

በማግሥቱ ይዛን ቀጨኔ ወጣች። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ይህ ከተማ የሚጋግርበትን ምጣድና ቡና የሚያፈላበትን ጀበና ሲሠሩ ነው የኖሩት፤ ከተማው ግን ዕቃቸውን እየገዛ ለዘመናት ስማቸውን ሲያጠፋ ኖሯል። እማዬ የምታውቃቸው አንዲት እናት ጭቃውን በጣታቸው መካከል እያሹ አሳዩን። ጭቃ ብቻውን ከሆነ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። የማይሸበሸብ ነገር መቀላቀል አለበት፤ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል። ገል ማለት የተሰበረ ሸክላ ነው፤ አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈ ስለሆነ ከእንግዲህ አይኮማተርም። «ደግሞ አትቸኩሉ» አሉን። «የሚሰነጠቀው ሁሉ የቸኮለ ነው።»

እቤት ያለውን የተሰበረ ምጣድ በማዳበሪያ ከረጢት ከተን በመዶሻ ቀጠቀጥነው። አንድ እጅ ጭቃ፣ ሁለት እጅ የተነፋ አሸዋ፣ ግማሽ እጅ ገል። አቦካን፤ አሳደርን፤ እንደገና አቦካን። ሲሚንቶ የነካቸውን ጡቦች ልናጸዳ ስንሞክር አሥራ አንዱ ተሰበሩ፤ ልክ ሻጩ እንዳለን። ከዚያ እንደገና ከዜሮ ጀመርን።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ እነዚህን ያዙልን። ጡቡን ከመደርደራችሁ በፊት ውሃ ውስጥ ነከር አድርጉት፤ ደረቅ ጡብ የጭቃውን ውሃ መጥጦ ማያያዣውን ያደክመዋል። ጭቃው በስሱ ይሁን፤ ሲወፍር ይሰነጠቃል። የላይኛው ጡብ መሐሉ በታችኞቹ ሁለት ጡቦች መገናኛ ላይ ይረፍ፤ መገናኛ በመገናኛ ላይ ከመጣ ግድግዳው እንደ ዚፕ ይከፈታል። በየረድፉ ሲባጎ ወጥሩ፤ ውሃ ልክም አትርሱ። በ9ኛው ረድፍ ላይ ጥቂት ጡቦች ወደ ውስጥ አስወጥተን ከሰሉ የሚያርፍበትን ወፍራም ላሜራ አስቀመጥን። ከ3 ረድፍ በላይ፣ ማለትም 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ሥጋው የሚቀመጥበት መጥበሻ ገባ። እሱን በያጁ ከፌሮ ሠራልን። ዚንክ የተለበጠ ብረት ግን አትጠቀሙ፤ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ጤና ይጎዳል።

ሰባተኛው ረድፍ ላይ ሳለን አንድ ደንብ አስከባሪ በሩን አንኳኳ። የጡቡን ክምር ከውጭ አይቶ ነው። ሦስታችንም እጃችን በጭቃ እንደተለወሰ ደርቀን ቀረን። ታናሻችን ስለ ጊዜያዊ ግንባታ ትርጉም ማስረዳት ሊጀምር ሲል እማዬ ቀደመችው።

«ምድጃ ነው ልጄ። ግባና እየው።»

ገባ። ዞረው። ማያያዣውን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው። «ጭቃ ነው እንዴ?»

«ጭቃ ነው።»

«ጣሪያ ይኖረዋል?»

«እንኳን ለእሱ ለቤቱም የለን!»

ሳቀ። «በሉ ለፋሲካ እንዳትረሱኝ» ብሎ ወጣ። ከሄደ በኋላ ነው እግራችን መንቀጥቀጡን ያወቅነው። ስለ አንድ ምድጃ እንዲህ የምንፈራ ከሆነ አባባ ስለ ቤት እንዴት ይፈሩ ኖሯል? ይህን ጥያቄ ለእሳቸው አላነሣነውም፤ ግን አልረሳነውም።

13ኛውን ረድፍ የጨረስነው የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ነው። ቀኑን ያወቃችሁት ሳቃችሁብን መሰለን። እሑድ ነበር፤ ቅበላ! በማግሥቱ ዓቢይ ጾም ገባ። የሥጋ መጥበሻ ሠርተን በጨረስን በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ለ55 ቀን ተከለከለ። ሰፈሩ በሙሉ ተሳለቀብን። የአክስታችን ልጅ ከሜሪላንድ የሳቀው እዚህ ይሰማ ነበር።

ግን ጾሙ ባይኖር ምድጃው አይኖርም ነበር። የጭቃ ሥራ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም እሳት አልነካውም። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እሳት፤ መጀመሪያ እፍኝ ጭራሮ፣ ከዚያ ጥቂት ከሰል፣ ከዚያ ጨመር እያደረግን። ቀጫጭን ስንጥቅ ሲወጣ በቀጭን ጭቃ እየደፈንን። ሥጋ ቢኖረን ኖሮ መቼም አንታገሥም ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አንድደን ያንኑ የሲሚንቶውን ታሪክ እንደግመው ነበር።

እሳቱ ለምን በከንቱ ይንደድ ብለን ድንች ጣል አደረግንበት። ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ አንዳንዴ በቆሎ። የጎረቤት ልጆች መምጣት ጀመሩ። ከዚያ እናቶቻቸው «ልጆቹን ልናይ» ብለው መጡ። ኮንዶሚኒየም የገቡ የድሮ ጎረቤቶቻችንም አንድ ቅዳሜ መጡ። እነሱ ጋ ለከብት ማረጃና ለእንጀራ መጋገሪያ የጋራ ቤት አለ፤ «ግን ማን ከማን ጋር ይቀመጥ? ገና አልተዋወቅንም» አሉ። የድንች ልጣጫችንን እየላጥን እስከ ማታ አወራን።

አንድ ማታ አባባ በርጩማቸውን ይዘው ወጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ አጠገቡ ደርሰው አያውቁም ነበር። ተቀመጡ። እጃቸውን ወደ ፍሙ ዘረጉ። ብዙ ቆይተው፣ «በ2001 ዓ.ም. ቆርቆሮ ገዝቼ ነበር» አሉ።

ምን እንደምንላቸው አላወቅንም።

«ለጣሪያው። ሙሉውን የሚበቃ። ልመታው ስል በሚቀጥለው ዓመት ትነሣላችሁ የሚል ወሬ መጣ። የሚፈርስ ቤት ላይ አዲስ ቆርቆሮ ሞኝነት ነው ብዬ በኪሣራ ሸጥኩት። ዓመቱ መጣ፤ አልተነሣንም። የሚቀጥለውም መጣ።» ከዚያ ድንቹን ገልበጥ አደረጉ። «ያን ቆርቆሮ ብመታው ኖሮ አሥራ ስድስት ክረምት አይፈስባችሁም ነበር።»

አሥራ ስድስት ክረምት። እኛ በእነዚያ ክረምቶች ውስጥ ነው ያደግነው። የባልዲውን ድምፅ እየሰማን አጥንተን፣ ለማትሪክ ተፈትነን፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የወጣነው። አባባ ቤቱን የረሱት ይመስለን ነበር። ለካ ሳይረሱት ነው የኖሩት። ያ «ሊፈርስ ነው» የሚሉት ቃል ስንፍና አልነበረም። አንድ ጊዜ ተስፋ አድርገው ስለከሰሩ ዳግም ላለመክሰር ያገኙት መንገድ ነበር። እማዬ ምንም ሳትናገር ትልቁን ድንች ልጣ ሰጠቻቸው።

ሚያዝያ 12 ፋሲካ ሆነ። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ዶሮ ወጡን ገደፍን፤ ረፋድ ላይ ከቅርጫው መደባችን ደረሰን። ጎድኑን ለምድጃው መረጥን። ሰፈሩ ተሰብስቦ ያያል። እኛም እንደ አሸናፊ ቆመን ከሰሉ ገና ነበልባሉ ሳይወርድ ሥጋውን ጫንነው! ጮማው ወደ እሳቱ ሲንጠባጠብ እሳቱ ቦግ አለ። ውጪው ከሰል፣ ውስጡ ጥሬ ሆነ። አጎታችን ቢላዋ አውጥተው ጥቁሩን ቀርፈው ጥሬውን በሚጥሚጣ እየበሉ፣ «ደህና ነው፤ አትዘኑ፤ እንዲያውም ልክ ነው» አሉን።

ሁለተኛው ዙር ላይ እማዬ አስቆመችን። «ነበልባል አያበስልም፤ ፍም ነው የሚያበስለው።» ከሰሉ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠበቅን። ከዚያ በኋላ የወጣውን ጎድን ... እሱን ባንናገር ይሻላል፤ ጾም ላይ ሆኖ የሚያነብ ይኖራል። ለደንብ አስከባሪውም ድርሻው ደረሰው። (ደግሞ አደራ፣ የተረፈውን ፍም ብርድ ነው ብላችሁ ቤት ይዛችሁ እንዳትገቡ። የከሰል ጭስ የማይታይ የማይሸት መርዝ አለው፤ ተኝቶ የቀረ ብዙ ነው።)

አሁን «ቢፈርስስ?» የሚለን ሰው አለ። ታላቃችን አስልታዋለች። ማያያዣው ጭቃ ነው፤ እንደ ድሮው ኖራ ቀስ ብሎ ይለቃል። 104 ጡብ አንድ ፒክአፕ ነው። የምንገባበት ቦታ ጓሮ ይኑረው አይኑረው አናውቅም። ጡቡ ግን አንድ ጊዜ ከፈረሰ ቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ ቆሟል፤ መንገዱን ያውቀዋል።

ሰኔ ሲገባ ሌላ ሐሳብ መጣ። የጭቃ ማያያዣ ዝናብ አይችልም። ላስቲክ እናልብሰው ወይስ ሸራ እያልን ስንከራከር አባባ ከውጭ ሲመለሱ በባለ ጋሪ ቆርቆሮ አስጭነው መጡ። አንዱን ቆርቆሮ ወስደው በምድጃው ላይ ጋደም አደረጉት፤ ድንጋይ ጫኑበት። የቀሩትን ግን ከግድግዳው ጋር አስደግፈው ቆጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«መቼም ሊፈርስ ነው» አሉ። ቀጥለውም መዶሻው የት እንዳለ ጠየቁን።